ነርሷ በሩን ከማንኳኳቷ በፊት፦ የታካሚን የወንጀል ታሪክ እንዴት እናጣራ፣ ማንንም ሳናገል?

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ታካሚ ቢቆጣ ጥበቃ ይጠራል። ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ፣ በሩም ክፍት ነው። የቤት ለቤት ነርስ ይህ ሁሉ የላትም። ቦርሳዋን አንግታ የማታውቀውን በር ታንኳኳለች። ስትገባ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል። ስለ ቤቱ የምታውቀው የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የበሽታው ስምና የመድኃኒቱ ሰዓት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት አንዲት ነርስ መድኃኒት ልትሰጥ ሄዳ፣ ታካሚዋ ይኖርበት በነበረው ቤት ተገድላ ተገኘች። ታካሚው ቀደም ሲል በወሲብ ጥቃት ተፈርዶበት የነበረ ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት ግዛቷ ሕግ አወጣች፦ የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅቶች ታካሚ ሲቀበሉ ከዚህ በፊት በጤና ሠራተኛ ላይ ጥቃት አድርሶ እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ የጦር መሣሪያ ይኖር እንደሆነና መሰል መረጃዎችን እንዲሰበስቡ የሚያስገድድ ነው።

እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ድርጅት ሁሉ ወዲያው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። «ሪከርድ ያለበትን ሰው አንቀበል!» ይላል። ቀላልና ፈጣን ነው፤ ግን አያዋጣም። የታሰረ ሰው ሁሉ አደገኛ አይደለም። አደገኛ ሰው ሁሉም ታስሮ አያውቅም። ደግሞም የተባረረው ታካሚ ቁስሉ አብሮት ይሄዳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መርቅዞ ድንገተኛ ክፍል ይገኛል።

ታካሚ መቀበልና ነርስ መመደብ ላይ ለሠራ ሰው ዋናው ጥያቄ «እንዴት እንሂድ?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው።

1. ፎርም ከማተማችሁ በፊት ዓላማውን ጻፉ

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «ይህን መረጃ የምንሰበስበው ጉብኝቱን ደኅንነቱ የተጠበቀ ለማድረግ ነው፤ ለሌላ ነገር አንጠቀምበትም።» ይህን ስትጽፉ ግማሹ ጥያቄ በራሱ ይወድቃል። ከሃያ ዓመት በፊት የነበረ የሐሰተኛ ቼክ ክስ የነርሷን ደኅንነት ይነካል? አይነካም። ስለዚህ አይጠየቅም።

ቀጥሎ ሕጉን እዩ። ይህን መዝለል አይቻልም። የወንጀል ሪከርድ ምርመራ ሥርዓቶች በአብዛኛው የተሠሩት ለተቀጣሪ ነው። ነርስ ስትቀጥሩ ሪከርዷን እንድታዩ የሚፈቅድ ሕግ የታካሚውን እንድታዩ ላይፈቅድ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 10 መሠረት የወንጀል ፍርድ መረጃ የሚያዘው በመንግሥት አካል ቁጥጥር ሥር ወይም ሕግ በግልጽ ሲፈቅድ ነው። እንደ ኮነቲከት ያለው ቦታ ደግሞ ጠይቁ ብሎ ያስገድዳል። የጠበቃ የአንድ ሰዓት ክፍያ እዚህ ጋ አይቆጭም።

2. ሁሉንም ጠይቁ

የመጀመሪያው አድልዎ የሚገባው በዚህ በር ነው። «እኚህ አዛውንት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ይለፉ» ይባላል። ከማረሚያ ቤት ሪፈር የመጣውን ወይም ሰፈሩ ስሙ የጠፋውን ግን «እስቲ ይጣራ» ይባላል። ይህ ማጣራት አይደለም፤ መጠርጠር ነው። ፎርሙ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጥያቄው በአንድ ዓይነት ቃልና በአንድ ዓይነት ጊዜ ይሁን። ጡረታ የወጡትን ዳኛም፣ ትናንት ከእስር የወጣውንም እኩል ጠይቁ።

ይህ ለነርሷም ይጠቅማል። «ምን ሊያደርጉ ይችላሉ» የተባሉት አዛውንት የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሆነው፣ ሰውነታቸውን ስታጥባቸው ክንዷን ጠምዝዘው ይሆናል። ሪከርዳቸው ንጹሕ ነው። የተጎዳው የእሷ ክንድ ነው።

3. ስለ ሰውየው ያለፈ ሕይወት ሳይሆን ስለ ጉብኝቱ ጠይቁ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

«ወንጀል ሠርተው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ ከፎርሙ ይውጣ። መልሱ አይጠቅማችሁም፤ ታካሚውን ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ያስቀይማል። «ተይዘው ያውቃሉ?» ደግሞ ከእሱም ይብሳል። መያዝ መፈረድ አይደለም። ያለጥፋቱ ተይዞ የተለቀቀ ሰው ስንት ነው!

የሚሠሩት ጥያቄዎች እነዚህን ይመስላሉ፦

ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንክብካቤ ሲደረግልዎ ከነርስ ወይም ከተንከባካቢ ጋር ተጋጭተው፣ መመታታት ወይም ማስፈራራት ደርሶ ያውቃል? ከእርስዎ ጋር የሚኖር፣ ወይም ቤት የሚመላለስ ሰው ማን ነው? ከመካከላቸው ሲጠጣ ወይም ሲቆጣ የሚያስቸግር አለ? ቤት ውስጥ ሽጉጥ ወይም ሌላ የጦር መሣሪያ አለ? የት ነው የሚቀመጠው፣ ይቆለፍበታል? ውሻ አለ? ወደ ቤትዎ ማን መምጣት እንደሚችል፣ ወይም እርስዎ ከማን ጋር መገናኘት እንደማይችሉ የሚወስን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ? ሲያምዎ ወይም ሰው ሳያስፈቅድ ሲነካዎ በጣም ይበሳጫሉ? ምን ያረጋጋዎታል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትናቋት። ከሁሉም በላይ የምትጠቅመው እሷ ናት። «ከኋላዬ አትምጡብኝ» ያለ ታካሚ ለነርሷ ከማንኛውም ሪከርድ የበለጠ መረጃ ሰጣት።

አነጋገሩም ወሳኝ ነው። ስልክ ላይ እንዲህ ቢባል ጥሩ ነው፦

«አሁን ጥቂት የደኅንነት ጥያቄዎች እጠይቅዎታለሁ። ሁሉንም ታካሚ የምንጠይቀው ነው። መልስዎ አገልግሎቱን አያስቀርብዎትም፤ ማን፣ መቼና እንዴት እንደሚመጣ ለመወሰን ነው። መመለስ የማይፈልጉት ካለ ይንገሩኝ፣ እናልፈዋለን።»

ይህን ብላችሁ ትንሽ ዝም በሉ። ብዙ ሰው በዚያ ዝምታ ውስጥ ራሱ ይናገራል። «እኔ የታሰርኩት ልጅ ሆኜ ነው፤ አሁን የሚያሰጋው ወንድሜ ነው፣ ማታ ማታ ሰክሮ ይመጣል» ይላል። ይህን ማንም መዝገብ አይነግራችሁም። እናንተም ነርሷን ጠዋት ትልካላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጥያቄውን ታካሚው ብቻውን ሲሆን ጠይቁ። የሚያስፈራራው ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «ሁሉም ሰላም ነው» ነው።

4. የላከውን ክፍል አናግሩ

ታካሚውን የላከው ሆስፒታል ነርሶች ሳምንት ሙሉ አብረውት ነበሩ። ሠራተኛ መትቶ ወይም አስፈራርቶ እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ነገር ግን የሚሰጧችሁን ቃል እንዳለ አትገልብጡ። «አስቸጋሪ» ወይም «ኃይለኛ» የሚል ቃል ስታዩ ደውሉና «ምን አደረገ?» በሉ።

አንድ ፋይል ትዝ ይለኛል። «ነርስ መትቷል» ይላል። ከፋይል ወደ ፋይል እየተገለበጠ ሦስት ተቋም አልፏል። በመጨረሻ አንዲት አስተባባሪ መነሻውን ፈልጋ አገኘችው። ሰውየው ከቀዶ ሕክምና በኋላ በከፍተኛ ትኩሳት ግራ ተጋብቶ፣ የሽንት ቱቦ (ካቴተር) ሲገባለት እጁን ሲያወናጭፍ የነርሷን መነጽር ጥሏል። ያ ነው «መትቷል» የተባለው። በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ሁለት ድርጅቶች አንቀበልም ብለውት ነበር።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሆስፒታሉ አልጋ ለማስለቀቅ ስለቸኮለ የተፈጠረውን ሳይጽፈው ይቀራል። ለዚህ ነው ስልክ የሚደወለው።

5. ሕጉ ከፈቀደ መዝገብ እዩ

እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የወሲብ ጥቃት ፈጻሚዎች መዝገብ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ነው። በብሪታንያ ግን ማንም ከፍቶ የሚያየው አይደለም። መዝገብ የምታዩ ከሆነ ይህን ጠብቁ።

ስም ብቻ አይበቃም። የትውልድ ቀንና አድራሻ፣ ከተቻለም ፎቶ መመሳሰል አለበት። ስመ ሞክሼ ስንቱን ሰው ጉድ አድርጓል! ከተመሳሰለም ውሳኔ ከመስጠታችሁ በፊት ለታካሚው ንገሩና «ይህ እርስዎ ነዎት? የሚጨምሩት ነገር አለ?» በሉ።

ፌስቡክ መበርበር፣ ስሙን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ፣ ጎረቤት መጠየቅ ይቅር። ያ ወሬ ነው። መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝም «በቃ፣ ሰላም ነው» ብላችሁ የቀሩትን እርምጃዎች አትዝለሉ።

6. ያገኛችሁትን መዝኑ

አራት ነገር እዩ፦ ምን ተደረገ? መቼ? በማን ላይ? ታካሚው ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው?

ሁለት ሰዎች እንውሰድ። አንደኛው ከ19 ዓመት በፊት በሰው ግድያ ተፈርዶበት፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል። አሁን ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አይንቀሳቀስም። እስር ቤት እያለም ከወጣም በኋላ ሰው አልነካም። ሁለተኛው ተፈርዶበት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ግን ሁለት ተንከባካቢዎችን አስፈራርቶ አባሯል፣ አንዷ ላይ በር ቆልፎባታል፤ ዛሬም በእግሩ ይሄዳል። ሪከርድ ብቻ የሚያይ ድርጅት የመጀመሪያውን ከልክሎ፣ ወደ ሁለተኛው አንዲት ነርስ ብቻዋን በምሽት ይልካል። ለሚመጣው ጉብኝት ትልቁ ምልክት በቅርቡ በተንከባካቢ ላይ የተደረገው ነገር ነው።

ውሳኔውን አንድ ሰው ብቻውን አይስጥ። አንድ የሕክምና ባለሙያና አንድ የደኅንነት ኃላፊ አብረው ይዩት፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ይቀመጥ። ሰዓትም ይገደብ። ታካሚው ዓርብ ከሆስፒታል ቢወጣና ቅዳሜ ጠዋት ኢንሱሊን መወጋት ቢኖርበት፣ «ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል» ማለት በተዘዋዋሪ መከልከል ነው። መረጃው ሳይሟላ ከቀረ የመጀመሪያውን ጉብኝት በቀን፣ በሁለት ሰው አድርጉትና ማጣራቱ ይቀጥል።

7. ሥጋቱን ወደ ዕቅድ ለውጡት

ከቀላሉ ጀምሩ። ከመሄድ በፊት ስልክ መደወል፣ ቤት ማን እንዳለ መጠየቅ። ጉብኝቱን በቀን ማድረግ። ውሻው እንዲታሰር፣ መሣሪያው እንዲቆለፍ መስማማት። የሚያሰጋው ዘመድ በማይኖርበት ሰዓት መሄድ። ልጅ ወይም አቅመ ደካማ ባለበት ቤት ጉዳዩ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ስለ ልጁም አስቡ።

ያ ካልበቃ ሁለት ሠራተኛ ላኩ። ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን በየቀኑ መሆን የለበትም። የቁስል ማጠቡን፣ የደም ናሙናውንና የመድኃኒት ሳጥኑን መሙላት በአንድ ጉብኝት ብታጠቃልሉት በሳምንት ሁለቴ ሊበቃ ይችላል። ቀሪው በቪዲዮ ጥሪ ይታያል። ከዚያም በላይ ከሆነ ታካሚውን ትራንስፖርት አዘጋጅቶ ወደ ክሊኒክ ማምጣት ይቻላል። ፖሊስ ይዞ መሄድ የመጨረሻው ነው፤ ታካሚውን በጎረቤት ፊት ያዋርዳል፣ ከአንዳንዱ ጋር ደግሞ ጸብ ይጭራል።

የወሲብ ጥቃት ታሪክ ካለ ምደባው ላይ አስቡ። ሠራተኛዋ እያወቀች «እሺ» ወይም «አይሆንም» የማለት መብት ይኑራት፤ እምቢ ብትል ደመወዟ አይነካ።

ሁልጊዜ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ መግባትና መውጣትን ማሳወቅ። ነርሷ ስትገባ መልእክት ትልካለች፣ ስትወጣም እንዲሁ። በተባለው ሰዓት ካልላከች ቢሮው ይደውላል። ካላነሳች ቀጥሎ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይጻፍ። ብዙ ቦታ የሚጎድለው ይቺ የመጨረሻዋ ናት። መልእክቱ ይቀራል፣ ስልክ ይደወላል፣ አይነሳም፣ ከዚያ ሁሉም «ባትሪ ዘግቶባት ይሆናል» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

8. ለምትሄደው ሰው ንገሯት፣ በልክ

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 በሥራ ላይ የሚደርስ ጥቃትን ሲከለክል፣ የሥራ ቦታ የሆነን የግል ቤትም ይጨምራል። ስለዚህ «እኛ ግቢ ውስጥ አልተፈጠረም» አያስኬድም። ነርሷ አደጋውን ሳታውቅ መላክ የለባትም።

ግን የፍርድ ወረቀቱን አትስጧት። የሚያስፈልጋት ባህሪውና ዕቅዱ ነው። «ይሄ ሰውዬ እስር ቤት ነበር፣ ተጠንቀቂ» የሚለው ከፍርሃት ውጭ ምንም አይሰጣትም። እንዲህ ቢጻፍላት ይሻላል፦ «ባለፈው መጋቢት ሕመሙ ሲበረታ ተንከባካቢ ገፍቷል። ከመንካትሽ በፊት ንገሪው። የሕመም ማስታገሻውን ከወሰደ ግማሽ ሰዓት በኋላ ቁስሉን እጠቢ። በበሩ በኩል ተቀመጪ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።» መረጃውን የሚያየው በምደባው ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ይሁን። ሻይ ሰዓት ላይ የሚወራ ከሆነ ነገ ማንም ታካሚ እውነቱን አይነግራችሁም።

በሩ ላይ የምታየውንም አሠልጥኗት። በኖርዌይ የተሠራው የብሮሴት መመዘኛ ለአእምሮ ሕክምና ክፍሎች የታሰበ ነው፤ በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ጥቃት ሊፈጠር እንደሚችል ለመገመት ስድስት ምልክቶችን ያያል፦ ግራ መጋባት፣ ቁጡነት፣ ጩኸትና ሁከት፣ በቃል ማስፈራራት፣ በአካል ማስፈራራት፣ ዕቃ መምታት። እነዚህን በቃሏ የያዘች ነርስ ገና ከበራፉ ልትመለስ ትችላለች።

ስትመለስም አትወቀስ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1981 ስምምነት ቁጥር 155 አንቀጽ 13 ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው የወጣን ሠራተኛ አላግባብ ከመቀጣት ይጠብቃል። «ታካሚውን ጥለሽ መጣሽ?» የሚል አለቃ ካለ እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ገደል ገባ።

9. እምቢ ማለት ሲመጣ

ይመጣል። ዕቅዱ ሁሉ ተሞክሮ፣ ታካሚው መሣሪያውን አልቆልፍም ካለ፣ ወይም ማስፈራራቱ ከቀጠለ ማንም ነርስ አትላክም። ጥያቄ አልመልስም ማለት ግን ብቻውን ለመከልከል አይበቃም፤ የሁለት ሰው ጉብኝት ይዞ መጀመር ይቻላል።

እምቢ ስትሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡት። ምን ቢስተካከል እንደምትመለሱ ጻፉለት። ቅሬታውን ውሳኔውን ላልሰጠ ሌላ ሰው የሚያቀርብበት መንገድ ይኑር። ሌላ ተቀባይ እስኪገኝ መድኃኒቱና ፋሻው እንዴት እንደሚደርሰው ወስኑ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የማንዴላ ደንቦች፣ ደንብ 24፣ እስረኛ እንኳ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን ያህል የጤና አገልግሎት ማግኘት አለበት ይላሉ። እስር ቤት እያለ ቁስሉ ይታጠብለት የነበረ ሰው ሲፈታ የሚያጥብለት ካጣ፣ ነገሩ የሆነ ቦታ ተገልብጧል።

10. ማስታወሻው ላይ የማብቂያ ቀን አድርጉ

ማንኛውም የደኅንነት ማስታወሻ ፋይሉ ላይ ሲለጠፍ ሁለት ቀን ይጻፍበት፦ የተጻፈበትና እንደገና የሚታይበት። ሦስት ወር ጥሩ ነው። ቀኑ ሲደርስ የምትሄደውን ነርስ ጠይቁ። «ኧረ እሱ አሁን በር ከፍቶ ነው የሚጠብቀኝ» ካለች ከሁለት ሰው ወደ አንድ ውረዱ። «ሰሞኑን ዓይኑ አላማረኝም» ካለችም ጻፉት፣ ግን ጠይቋት፦ ምን አየሽ?

በዓመት ሁለቴ ደግሞ የከለከላችኋቸውን ሰዎች ዝርዝር አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ከየትኛው ሰፈር ናቸው? ማን ነው የላካቸው? ስንቶቹ ዕቅድ ተሞክሮላቸው ነበር? ሠራተኛ የተጎዳባቸውን ቤቶች ዝርዝርም አጠገቡ አድርጉ። ሁለቱ ዝርዝሮች ላይ ያሉት ቤቶች የማይገናኙ ከሆነ ወደ ቁጥር 3 ተመለሱና ጥያቄዎቹን እንደገና ጻፉ።